የማይላጥ ስም

እማማ ወደ ሱቁ የሄዱት ልጃቸውን «ግባና ብላ፣ ሥራው አይሸሽህም» ሊሉት ነበር። ከመኖሪያ ቤቱ ወደ ሱቁ የሚያስገባውን የጓሮ በር ሲገፉት መብራቱ በርቷል። ገና ዓይን ለዓይን ያስተያያል፤ ውጭ የመንገደኛ ድምፅ ይሰማል፤ የመስኮቱ መጋረጃ ግን ወርዷል። ልጃቸው በአዲሱ ማሽን ፊት ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ጠርዙ ላይ አስደግፏል። የወደቀ ነገር የሚፈልግ መሰላቸው።

«ደግሞ ምን ጠፋህ?» አሉት።

አልመለሰም። ጠጋ ሲሉ ሻርፑን አዩ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሁለቱ ጫፎቹ በማሽኑ የጎማ ሮለሮች መካከል ገብተዋል። እማማ ጮኹ። እየጮኹም ሻርፑን ያዙና ሳቡት። ሻርፑ መጣ። ልጃቸው ግን አልመጣም።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ «ማሽን በላው» ይል ጀመር። ሟቹን ሰው ሁሉ የሚጠራው «ጋሼ ቀለም» እያለ ነበር፤ የሰፈሩን የሱቅ ታፔላ፣ የሐኪም ቤቱን ምልክት፣ «አጥር ላይ መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን ሳይቀር የሠራው እሱ ነው። ሰሞኑን የታተመ ሥዕል ላይ ፕላስቲክ የሚያለብስና ቦርድ ላይ የሚለጥፍ ማሽን ለመግዛት ሲያማርጥ ነበር። ሁለት ማሽን ለሙከራ ገብቶለታል፤ አንዱ በሙቀት፣ ሌላው ያለ ሙቀት፣ በመጫን ብቻ የሚለጥፍ። ሻርፑ የተገኘው በሁለተኛው ውስጥ ነው።

እማማ ግን «ማሽን በላው» የሚለው አልዋጥ አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሚሽከረከር ነገር ይፈራሉ። አሮጌው ማተሚያ ማሽናቸው ከገባበት ቀን ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ሻርፕ፣ ክራባት፣ የተለቀቀ ፀጉር ያዩ እንደሆን መግቢያ መውጫ ያሳጣሉ። ከጓሮ በሩ አጠገብ ሚስማር አስመትተው ነበር፤ «የእማማ ሚስማር» ይባላል። ልጃቸው ጭቅጭቁን ሽሽት ሻርፑን እዚያ ሳይሰቅል ማሽን ነክቶ አያውቅም።

«ከሚስማሩ ያወረደው ሰው አለ» አሉ እማማ ለሚሰማቸው ሁሉ። «የልጄን ነፍስ ያጠፋውን ዓይኑን ሳላየው አልሞትም። በእጄ ባላንቀው እንኳ በዓይኔ አንቀዋለሁ።»

ያላሰቡት ግን ደረሰ። ፖሊሶቹ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ልጅ ልጃቸው ነው። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷ ላይ ስትጮህ ጎረቤት ሰምቷታል፤ ተናድዳ ወጥታም ብቻዋን ስትዞር እንደቆየች ራሷ ተናግራለች። እማማ አንዱን አጥተው ሁለተኛዋን ለእስር ሊሰጡ ነው። ልጅቱን ከጎናቸው አስቀምጠው ክንዷን እንደ ያዙ መርማሪዋ ገባች።

አጠር ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ናት። ዕቃውን ሁሉ የምትነካው በእጇ ጀርባ ነው፤ ሕፃን አተኩሶት እንደሁ እንደሚዳበስ። እማማ ይህን ሲያዩ ትንሽ ልባቸው ረጋ።

«እማማ፣ ሻርፑን እንዴት እንዳወጡት ይንገሩኝ።»

«እንዴት አወጣዋለሁ ልጄ? ሳብኩት፣ መጣ።»

«አልታገለዎትም?»

«ኧረ ምን ይታገላል! ከመሳቢያ መሐረብ የማወጣ ነበር የሚመስለው።»

መርማሪዋ ወደ ማሽኑ ሄደች። በጎኑ በኩል ያለው ማንሻ እጀታ ወደ ላይ ቆሟል። ሁለቱ ሮለሮች ተላቅቀዋል፤ በመካከላቸው ጣት ያሳልፋሉ።

«ይህን እጀታ ከትናንት ወዲህ የነካው አለ?»

«ማንም» አለ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ። «እንዳገኘነው ነው።»

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረች። መስተዋቱ ላይ በውስጥ በኩል አራት ቁራጭ ፕላስተር በአራት ማዕዘን ቀርቷል፤ መካከሉ ባዶ ነው።

«እዚህ ምን ነበር?»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ቀልድ ነበር።»

«የምን ቀልድ?»

«ማሽኖቹን ያመጣውን ሰውዬ ፊት በትልቁ አትሞ፣ ጠርዙን እንደ ሙዝ ልጣጭ የተገለበጠ አስመስሎ… ከሥሩ ‹ልጣጭ ነኝ፤ አትንኩኝ፣ እላጣለሁ› ብሎ ጻፈበት። ሰውዬው ሄዶ፣ ምሳ ተበልቶ ከተነሣ በኋላ ነው የሠራው። በሰውዬው በራሱ ማሽን ፕላስቲክ አልብሶ ሰቀለው። መንገደኛው ሲስቅ ዋለ። እኔም ስቄያለሁ።»

«ለምን ልጣጭ?»

«ስሙ ነው እንግዲህ! ዱሮ ከልጄ ጋር በሽርክ ይሠሩ ነበር። እሱ የለጠፈው ታፔላ ሁሉ በመጀመሪያው ዝናብ ተላጠ። ልጄ ‹ልጣጭ› አለው፣ አገሩ ተቀበለ። የለጠፈው ሁሉ ተላጠ፤ ስሙ ብቻ ተለጥፎ ቀረ።»

መርማሪዋ አልሳቀችም። የልጅ ልጃቸውን ጠራቻት። እማማ አብረው ተነሡ።

«ብቻዋን ባነጋግራት?»

«እኔ አልሰማም፤ እቀመጣለሁ ብቻ» አሉ እማማ፣ ወንበራቸውን እያስጠጉ።

«አባትሽን ምን ብለሽ ነው የጮኽሽበት?»

«‹በአንተ ግትርነት ይህ ሱቅ ይሞታል› ነው ያልኩት» አለች ልጅቱ። «ሙቁ ማሽን የእኛን ስቲከር ያኮማትረዋል፣ ቀዝቃዛውን እንግዛ አልኩት። ጥሩ መሆኑን ያውቃል። ግን ‹ከልጣጭ እጅ አልገዛም፤ ያስመጣሁትም እንዲለምነኝ ነው› አለኝ።»

«ቀዝቃዛውን ስትጨርሺ እጀታውን ታነሺዋለሽ?»

«ሁልጊዜ እረሳዋለሁ። ልጣጩም ሁልጊዜ ይቆጣኛል። ‹ጎማው ተጨፍልቆ ካደረ ይጎደጉዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚለጥፈው ሁሉ ላይ መስመር ያወጣል› ይለኛል። በአሮጌው ማሽናችን እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ አልለመድኩትም።»

ቀጥሎ የሱቁ ለጣፊ ገባ። ሥዕል በእጁ ቦርድ ላይ ሲለጥፍ የኖረ፣ ጥፍሩ ሁልጊዜ ሙጫ የማይለየው ሰው ነው። ገና ሳይቀመጥ እማማ ተነሡበት።

«አንተ ነህ! ማሽኑ ከገባ እባረራለሁ ብለህ ነው!»

«እኔ ልባረር? እማማ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጅዎ ያለ እኔ አንድ ቦርድ ሳያጎብጥ ለጥፎ ያውቃል?»

«ሙት ታማለህ?»

«ማማቴ አይደለም፤ አብረን ስንስቅበት የኖርነው ነገር ነው» አለና ድንገት ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

መርማሪዋ ወደ ማሽኑ ጠቆመች። «አዲሱን ማሽን ሞክረኸዋል?»

«እኔና እሱ አንተዋወቅም። ባጠገቡም አላልፍ። ትናንት ማታ ታፔላ ላደርስ ሄጄ ነበር፤ ብቻዬን ነኝ፣ አየሁት የሚል ሰው የለኝም። ካመናችሁኝ እመኑኝ።»

እማማ አላመኑትም። ለጣፊው ሲወጣ ጀርባውን በዓይናቸው ወጉት።

ልጣጩ የመጣው ሳይጠራ ነው። ኮቱ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁ ለስላሳ። እማማን ትከሻቸውን ይዞ «እግዜር ያጽናዎት፤ የዱሮ ባልንጀራዬን ነው ያጣሁት» ሲላቸው አለቀሱ። ከመጡት ሁሉ በደንብ ያጽናናቸው እሱ ነው።

«ትናንት ከዚህ መቼ ወጡ?» አለችው መርማሪዋ።

«ከምሳ በፊት። ከዚያ ወዲያ በዚህ መንገድ እንኳ አላለፍኩም። ማሽኑን በተመለከተ የጥንቃቄውን ነገር ሁሉ አስረድቻለሁ። ከማሽን ጋር ሻርፕ…» ራሱን ነቀነቀ።

«ማለፊያ። ከሰዓት በኋላ ሁላችሁንም እፈልጋለሁ» አለች።

ሲሰበሰቡ ሱቁ ውስጥ የቀለምና የፕላስቲክ ሽታ ታፍኗል። መርማሪዋ ከማሽኑ አጠገብ ቆመች።

«ባለሙያዎቻችን የሚፈልጉትን ወስደዋል፤ አሁን ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ልይ። ልጄ፣ አንድ ቦርድ ለጥፊልኝ።»

ልጅቱ እጀታውን ወደ ታች አወረደች፣ ሥዕሉን ከቦርዱ ጋር አስገባች፣ ፔዳሉን ረገጠች። ሮለሮቹ ነክሰው ሳቡት፤ በወዲያኛው በኩል ያለ አንዲት አረፋ ወጣ።

«ጥሩ። አሁን ኑ፣ ወዲህ ጠረጴዛው ጋ አንድ የማሳያችሁ ነገር አለ።»

ፊቷን አዙራ ሄደች። ልጅቱ ቦርዱን ይዛ ተከተለች፤ እጀታው እንደወረደ ቀረ። ለጣፊው ማሽኑን እንደ ተናካሽ ውሻ በሩቁ ዞሮት መጣ። እማማ ለጣፊውን ሲጠብቁ ማሽኑ ትዝም አላላቸው። መጨረሻ የመጣው ልጣጩ ነው።

ቀጭ!

«አመሰግናለሁ» አለች መርማሪዋ፣ ፊቷን ሳትመልስ።

ሁሉም ዞሩ። የልጣጩ እጅ ገና እጀታው ላይ ነው። እጀታው ወደ ላይ ቆሟል። እጁን እንዳቃጠለው ሰው ሰበሰበ።

«ልማድ ነው» አለ። «ጎማው እንዳይጎዳ።»

«አውቃለሁ። ትናንትም ልማድ ነበር።» መርማሪዋ ቀስ ብላ ተመለሰች። «ነገሩን ከሻርፑ እንጀምር። ማሽኑ ሰው እስኪሞት ድረስ ሻርፕ ከሳበ፣ ሮለሮቹ እንደ ነከሱት ይቀራሉ። አሁን ቦርዱን እንዴት እንደ ነከሱት አይታችኋል። እማማ ግን ሻርፑን ሲስቡት እንደ መሐረብ መጣላቸው። እንግዲህ ከሞተ በኋላ እጀታውን ያነሣ ሰው አለ። የሞተ ሰው ማንሻ አያነሣም።»

«ልጅቱ ልታነሣው ትችል ነበር» አለ ልጣጩ።

«ልጅቱ ማንሣት እንደማታውቅ የተቆጧት እርስዎ ነዎት። አሁንም አላነሣችውም፣ አይተናል። ለጣፊው ማሽኑን አይነካም፤ የለመደው አሮጌው ደግሞ እጀታ የለውም። ገዳዩ ሰውዬውን ከኋላ፣ ከሚስማሩ ባወረደው ሻርፕ አነቀው። አደጋ እንዲመስል ጫፎቹን ለማሽኑ አበላ። ከዚያ ሊወጣ ሲል፣ ሰው ገድሎ ሊወጣ ሲል፣ ለጎማው አዘነ። ማሽኑ የራሱ ነዋ። ነገ ለሌላ የሚያሳየው ነው።»

«ይህ ማስረጃ ነው?» ድምፁ ልስላሴውን አጥቷል።

«አይደለም። ማስረጃው ይኸውና።» ለፖሊሱ ምልክት ሰጠችው። ፖሊሱ ፕላስቲክ የሚጠቀለልበትን ረጅም የካርቶን ቱቦ አቀበላት፤ ከውስጡ ጥቅል ነገር ስባ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከነማዕዘኑ የተጨማደደ፣ ያልተቀደደ የልጣጩ ፊት ነው። «ከመኪናዎ ውስጥ ነው የወጣው። ሊቀድዱት ታግለዋል፤ ግን የራስዎ ማሽን ያለበሰው ነገር በእጅ አይቀደድም። ይህ ሥዕል የተሠራውም የተሰቀለውም ከምሳ በኋላ ነው። እርስዎ ከምሳ በፊት ወጥተው ካልተመለሱ፣ እንዴት እጅዎ ገባ?»

ልጣጩ ሥዕሉን ትክ ብሎ አየው። ሲናገር ለማንም ሳይሆን ለሥዕሉ ነው የሚመስለው።

«ታፔላውን ያላጠው የእኔ እጅ አልነበረም። ሙጫው ነበር። ጊዜው ያለፈበት መሆኑን እያወቀ የሰጠኝ እሱ ነው፤ ደንበኛውን ለብቻው ሊወስድ። ልጄን ትምህርት ቤት ‹የልጣጭ ልጅ› አሏት። ምሽቴ ስሜን ረሳችው። ዋጥ አድርጌ ኖርኩ። ትናንት ሳልፍ ሰው መስኮቱ ላይ ተሰብስቦ ይስቃል። ገባሁ። ‹አውርደው፣ ሌላ ምንም አልልህም› አልኩት። መጋረጃውን አወረደና ‹ራስህ ላጠው፤ ከቻልክ› አለኝ። ሞከርኩ። በጥፍሬ ሞከርኩ። አልላጥ አለ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ እየሳቀ ነበር።»

ለጣፊው አንገቱን ደፋ። ልጅቱ የአያቷን ክንድ ያዘች። እማማ ግን እጇን ቀስ አድርገው አስለቀቁና ወደ ልጣጩ ሄዱ። ሰው ሁሉ እርግማን ጠበቀ።

«ስምህ ማነው?» አሉት።

ዓይኑን ወደ ሥዕሉ መለሰ። እማማ ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ፤ አታውቅም። ወደ ለጣፊው ዞሩ፤ ትከሻውን ነቀነቀ። ያን ሁሉ ዓመት ቤታቸው ገብቶ ሲወጣ ስሙን የጠየቀው አልነበረም።

«ስምህን ነው የጠየቅኩህ። እናትህ ያወጣችልህን።»

ነገራቸው። ከነአባቱ ስም ነገራቸው፤ ፊቱም ለአንድ አፍታ የተመለሰለት ነገር ያለ ይመስል ፈካ። ይቅርታ መሰለው።

«እንግዲህ ልጣጭ የሚልህ አይኖርም» አሉት እማማ። «ልጄ ቀልዶብሃል፤ ቀልዱ ክፉ ነበር፤ አላስተባብልም። እኔ ግን አልቀልድም።» ወደ ልጅ ልጃቸው ዞሩ። «ስሙን ከነአባቱ በትልቁ ጻፊው። ከሥሩ ‹ጋሼ ቀለምን ከኋላው ያነቀ› በይ።»

የሰውዬው ፊት ጠቆረ። «እማማ፣ በእግዜር! ልጄ በዚህ መንገድ ነው የምታልፈው።»

«የእኔም ልጅ በዚህ መንገድ ነበር የሚያልፈው።»

መርማሪዋ እጁን ይዛ ስታወጣው በሩ ላይ ቆም አለች። «እማማ፣ ይህንን እንኳ ቢተዉት…»

«የአንቺን ሥራ ጨርሰሻል ልጄ፤ እግዜር ይስጥሽ። ይኼኛው የእኔ ነው።»

በሩ ሲዘጋ ልጅቱ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። እያለቀሰች ጻፈች፣ እያለቀሰች አተመች። ከዚያ በሁለቱ ማሽኖች መካከል ቆመች።

«በየትኛው ላድርገው አያቴ?»

«አባትሽ ጥሩ ነው ብሎ በልቡ ባወቀው። በማይላጠው።»

ቀዝቃዛው ማሽን ስሙን ሳበ፤ በወዲያኛው በኩል ያብረቀረቀና የጠነከረ ሆኖ ወጣ። ለጣፊው ቃል ሳይናገር ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደው፣ በቀሩት አራት ፕላስተሮች ማዕዘን በማዕዘን ያዘው። ልጅቱም ፊቷን በእጇ ሸፍና ወደ ጓሮ ወጣች፤ እጀታውን እንደ ልማዷ ረስታዋለች።

እማማ ሻርፕ አለመኖሩን ለማረጋገጥ በእጃቸው አንገታቸውን ዳበሱ። ከዚያ ዕድሜ ልካቸውን ወደሚፈሩት ማሽን ቀረቡና እጀታውን ራሳቸው አነሡት። ጎማው እንዳይጎዳ። ገና ብዙ ይለጥፋል።