ከዝቋላ በፎሌ

ፊደል ያልቆጠረች ምን ታውቃለች ተብሎ፣ በገዛ አማቼ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ከውሃ ጀሪካን ጋር ተጣብቄ ተቀመጥኩ። ፊት የተቀመጠው የካሜራ ቦርሳ ነው! ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ ቢሊሴ ናት፤ የምናገረው ግን እኔ ነኝ። እንዳታለዝበው ነግሬያታለሁ።

አማቼ ዘካርያስ ባለፈው እሁድ “የዝቋላን ሐይቅ ላሳያችሁ” ብሎ ከናዝሬት አስነሳን። ቢሊሴ የአራት ወር ልጇን ታቅፋ አጠገቤ ናት። መንገዱ ፒስታ ነው፤ የጽድ ዛፉ ከግራ ከቀኝ ገጥሞ ጥላ ሠርቷል፤ ጉሬዛው ከላያችን ይዘላል። ሐይቁ ተራራው አናት ላይ ተንጣሎ ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ አፌን አስያዘኝ።

“እማዬ ዝም ስትል ዛሬ አየሁ” አለች ቢሊሴ።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን ዘካርያስ ማርሹን አውጥቶ ፎሌ ላይ ጣለው።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“ነዳጅ ይቆጥባል፣ እማማ። ሁሉም ሾፌር እንዲህ ነው የሚወርደው።”

“ሟቹ ባለቤቴ በኤንትሬ የጭነት መኪና አሰብ ሲመላለስ ዘጠኝ ዓመት አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወረደው።”

“የድሮ መኪና ሌላ፣ የዛሬ መኪና ሌላ!” ብሎ ሳቀ። ይህ ዲኤክስ መኪናው እኮ ከቢሊሴ በዕድሜ ይበልጣል!

ጥቂት እንደወረድን የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

“ፍሬንህ ጋለ።”

“ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች ናቸው፣ እማማ። እርስዎ ጫካውን ይዩ።”

ጥምዝ ጋ ስንደርስ ፍሬኑን ረገጠ፤ እግሩ እስከ ወለሉ ሰጠመ። በግራችን ገደል ነው።

“አልይዝ አለኝ!”

ቢሊሴ ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ጮኸች።

“ዝም በይ አንቺ! ዘካርያስ፣ ጋዝ እየሰጠህ ሁለተኛ አስገባ! ወደ ተራራው ጥግ ያዝ!”

ማርሹ ጥርሱን አፋጭቶ ገባ። ሞተሩ አጓራ፤ መኪናዋ ዘገመች፤ የእጅ ፍሬኑን ሲጎትት ቁጥቋጦ ውስጥ ተሰክታ ቆመች። ሕፃኑ ከእንቅልፉም አልነቃ። ጀሪካኑ ግን ጭኔ ላይ ተደፋ።

አህያ እየነዱ የሚወጡ አንድ ሽማግሌ “አከም ጅርቱ!” ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉንና “ጎማ ነው የተነፈሰው?” አሉን።

“አይ፣ ሾፌሩ ነው” አልኳቸው።

ዘካርያስ “ይቅርታ እማማ። ይህን ያስተማረኝ ሰው አልነበረም” አለ።

“አስተማርኩህ፤ ሳቅህ።”

እናንተም በፎሌ የምትወርዱ ሁሉ ስሙኝ። የምትቆጥቡት ነዳጅ አንድ ጣሳ አይሞላም፤ ከኋላችሁ የተቀመጠው ግን ሰው ነው።

ፍሬኑ በርዶ፣ ዘካርያስም ደጋግሞ ሞክሮት መያዙን ካረጋገጠ በኋላ ልንነሳ ስንል የፊቱን በር ከፈትኩ።

“ቦርሳህን አንሳ። እስከ ናዝሬት እዚህ ነኝ። እጅህ ወደ ፎሌ ሲሄድ በጥፊ የምደርስበት ቦታ እፈልጋለሁ።”