የጮቄው ክሊፕ

የምናለ አስከሬን ከሮብ ገበያ በላይ፣ ከጮቄ ገደል ሥር ተገኘ። ምናለ ቅዳሜ ቅዳሜ በቴሌቪዥን የሚቀርበው «ሌላ ዜማ» አዘጋጅ ነበር፤ ከተለመደው የወጣ ሙዚቃ የሚሠሩ ወጣቶችን ክሊፕ ያሳያል፤ ያሻውን ያነግሣል፣ ያሻውን ያዋርዳል። ገደሉ አፋፍ ላይ የእስከዳርን ክሊፕ ሲያስቀርጽ ጉም ወረደ፤ ጩኸት ተሰማ፤ ምናለ አልነበረም።

«ጉሙ አሳስቶት ነው» አሉ ሁሉም።

ከደብረ ማርቆስ የመጣችው ኢንስፔክተር ደብሪቱ ግን አፋፉ ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች። ጭቃውን የሰነጠቀው ተረከዝ ነበር።

«አንቺ የት ነበርሽ?» አለቻት ድምፃዊቷን እስከዳርን።

«እየዘፈንኩ ነበር። ጉሙ ቢሸፍነኝም አላቆምኩም፤ ካቋረጥኩ ይቆጣኛል።»

ድረስ የተባለው ሾፌር ታች መንገዱ ላይ ጭቃ የያዘውን መኪና ከገበሬዎች ጋር ሲገፋ ነበር፤ ገበሬዎቹም መሰከሩለት።

ካሜራማኑ ይስማው ጥቁር ለብሷል። «ከካሜራዬ አልተነቃነቅሁም» አለ።

«ሐዘንህ የማን ነው?»

«የእናቴ ልጅ። ደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ነበር።»

ደብሪቱ ደብረ ኤልያስ ደርሳ ተመለሰች። ከዚያ ሦስቱንም ፖሊስ ጣቢያ ሰብስባ ቀረጻውን ከፈተች። እስከዳር እየዘፈነች ተራምዳ ከምስሉ ወጣች። ካሜራው ባዶ ድንጋይ ሲቀርጽ ቀረ። ድምጿ ግን እስከ ጩኸቱ ድረስ ሳይቋረጥ ይሰማል።

«እስከዳርን ድምጿ ነጻ አወጣት፤ ድረስን ምስክሮቹ። ይስማው፣ ከካሜራህ ካልተነቃነቅህ ዘፋኟ ስትሄድ ለምን አልተከተልካትም?»

ይስማው አቀረቀረ።

«ጉም ያሳሳተው ሰው ወደ ፊት ተራምዶ ይወድቃል። ምናለ የወደቀው በተረከዙ እየተንሸራተተ፣ ወደ ኋላ ነው፤ የገፋው ሰው ፊት ለፊቱ ነበር። ደብረ ኤልያስም የወንድምህን ስም ነገሩኝ፤ አማረ። ቅኔውን በጊታር ያዜመው ልጅ። ምናለ በ«ሌላ ዜማ» ወርቁን ቆርጦ ሰሙን ብቻ ሲያሳይበት መምህሩን የሰደበ መሰለ። ከጉባኤ ቤቱ ተባረረ፤ ራሱን ዓባይ ውስጥ ጣለ።»

ይስማው ቀና አለ። «አባታችን አንድ ስላልሆነ ምናለ አላወቀኝም። ሥራውን የተቀጠርኩት ለዚህች ቀን ነው። እሱ ወንድሜን ያዋረደው አገር እያየው ነው፤ እኔ ማንም የማያይበትን ጉም ጠበቅሁ።»

«ማን እንደሆንክ ነገርከው?»

«ሳልነግረውማ አይሞትም! ኮሌታውን ጨምድጄ፣ ‹የአማረ ወንድም ነኝ› አልኩት።»

«ምን አለህ?»



«‹የትኛው አማረ?› አለኝ።»