ዘይት ያልቀመሰ ሞተር

በኤሌክትሪክ የሚከፈተው የጋራዥ በር በዚያን ጠዋት አልሠራ አለ። ዛሂዳ ወደ ምድር ቤት ወርዳ የወደቀውን የመብራት ማቋረጫ ብሬከር መለሰችና በሩን አስከፈተች። በመጀመሪያ ያየችው የባሏን ጫማዎች ነበር። ነጅሙዲን ከአሮጌው የጓሮ ትራክተሩ አጠገብ ባነጠፈው ካርቶን ላይ ተንጋልሏል። ፊቱ እንደ ጤነኛ ሰው ቀልቷል፤ እጁ ግን እንደ ብረት ቀዝቅዟል።

ፖሊሶቹ ብዙ አልተመራመሩም። የትራክተሩ ቁልፍ ተከፍቶ፣ ባትሪው አልቆ፣ የሟቹ ደም በሞተር ጭስ ተመርዞ ተገኘ። «በር ዘግቶ ሞተር አስነሣ፤ አደጋ ነው» ተባለ። በሚኖሩበት ከተማ በሮቢንስዴል ለተዕዚያ፣ ለለቅሶው የመጣው ሰውም ይህንኑ እየደጋገመ ሐዘንተኛዋን አጽናና።

ዛሂዳ ግን ይህ ሊሆን እንደማይችል ታውቅ ነበር። የሚያስፈራትም ይኸው ማወቋ ነው። አደጋ ካልሆነ ገዳይ አለ፤ ገዳይ ካለ ደግሞ የሰፈሩ ጣት የሚቀሰረው በታናሽ ወንድሟ በሚካኢል ላይ ነው። ሚካኢል በመከር ወራት በዚህ ግቢ ቆሞ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «ይህን የሰው እጅ የበላ ብረት ጣለው! ካልጣልኸው አንተንም ሳይበላህ አይቀርም!» ብሎ በነጅሙዲን ላይ ጮኾ ነበር። የጋራዡ ቁልፍም በእጁ አለ። ስለዚህ የምታውቀውን ዋጠች።

ተዕዚያው ሳይበተን አንዲት አጭር ሴት ከባድ ጃኬቷን ሳታወልቅ ገባች። አሟሟቱን እንድታጣራ ከአውራጃው የተላከች መርማሪ ናት፤ ኢብሲቱ ትባላለች። ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር ነው ያደገችው፤ አማርኛዋም የኦሮምኛ ቅላጼ አለው።

«እትዬ ዛሂዳ፣ አላህ ያጽናዎት። ትራክተሩን ላየው ነበር።»

«ሰው የሞተብን እኮ እኛ ነን» አለ ሚካኢል ከጥግ። «ለብረት ነው እንዴ ለቅሶ የምትደርሺው?»

«ብረት አይዋሽም፣ ወንድሜ። ሰው ግን አንዳንዴ ይዋሻል።»

ዛሂዳ ወደ ጋራዡ መራቻት።

ጋራዡ ነጅሙዲን እንደተወው ነበር። በጋ የሚያገለግለው የሣር ማጨጃ ተጠርጎ፣ ግራሶ ተቀብቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በረዶ እየዛቀ ወደ ጎን የሚወረውረው የክረምቱ በረዶ መትፊያ ከትራክተሩ ፊት ተገጥሟል፤ የኋላ ጎማዎቹም ሰንሰለታቸውን ታጥቀዋል። ያረጀው ሞተር ወጥቶ በቦታው አዲስ ገብቷል። ኢብሲቱ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስባ በነጭ ሶፍት ጠረገችው። ሶፍቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ጣቷን ወደ ጭስ ማውጫው፣ ወደ ማርሚታው ጉሮሮ ሰደደች፤ ጥላሸት አልነካውም።

«ሞተሩ ከፋብሪካ የሚመጣው ያለ ዘይት ነው» አለች ቀስ ብላ። «እንዲህ ቢያስነሡት ብረት ብረትን በልቶ ይደርቅ ነበር። ይህ ግን አንድም ቀን አልተነሣም። እትዬ ዛሂዳ፣ ያውቁ ኖሯል?»

«እኔ የሞተር ነገር አላውቅም» አለች ዛሂዳ። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት።

ኢብሲቱ አልተከራከረቻትም። ከጋራዡ ጀርባ ዞራ በግድግዳው የአየር መውጫ ቀዳዳ ሥር ጎንበስ አለች። በረዶው በአንድ ሳጥን ስፋት ቀልጦ፣ እንደገና ረግቶ፣ ጠቁሯል። ተመልሳ የነጅሙዲንን የሣር ማጨድና የበረዶ መጥረግ ሥራ ሸሪክ ቃልቤሳን አስጠራችው። ሽቦ ማሰርና ጀነሬተር መያዝ የእርሱ ድርሻ ነበር።

«ያን ምሽት መጥተህ ነበር አሉ።»

«የጎማ ሰንሰለት ልወስድ ቤዝመንት ወርጄ ነበር። እሱ እዚሁ ሲሠራ ተውኩት።»

«ሞተሩ ተነሥቶ ነበር?»

«እንዴታ! ስሄድ ሲንተከተክ ሰምቻለሁ። በሩን ክፈት ስለው ብርድ ነው አለኝ። ልቤ እስካሁን አልተመለሰም፣ እህቴ።»

ቀጥሎ የገባው ጅሬኛ ነው፤ ባለፈው ክረምት በረዶ መትፊያው የቀኝ እጁን ጣቶች የቀማው ሠራተኛ።

«ትጠላው ነበር?» አለች ኢብሲቱ።

«ማሽኑን ወይስ ሰውየውን?» ጅሬኛ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ከመቀመጫው ስነሣ ሞተሩ መጥፋት ነበረበት፤ አልጠፋም። ሁሉም ጥፋተኛ እኔን አደረገኝ። ነጅሙዲን ግን የድሮውን ሽቦ ሲፈታ የሆነ ነገር አግኝቶ ደወለልኝ። ‹በዱዓው ዕለት በሰው ፊት አሳይሃለሁ› አለኝ።»

«የምን ዱዓ?»

ጅሬኛ ዛሂዳን አያት። ኢብሲቱም አየቻት። ሚካኢል ከበሩ ሥር ቆሞ ወለሉን ይመለከታል። ዛሂዳ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም።

«የሞተሩ ዱዓ!» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «ነጅሙዲን የወሎ ሰው ነው፤ ዱዓ ሳይደረግበት አዲስ ነገር አይጀምርም። ይህ ብረት ሰው አቁስሏልና ሞተሩ ዱዓ ሳይደረግበት፣ ጅሬኛም በእጁ የመጀመሪያውን ዘይት ሳያፈስበት አላስነሣውም አለ። ዘይቱን የሚያመጣው ሚካኢል ነበር። ነጅሙዲን ቃሉን አያጥፍም። አላስነሣውም!»

«ለምን እስካሁን ዝም አሉ?»

የዛሂዳ ዓይን ሳታዝዘው ወደ ወንድሟ ሄደ፤ ሚካኢልም ያን አየ።

ኢብሲቱ ሁሉንም በትራክተሩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። የጋራዡ በር ተከፍቶ ብርዱ ይገባል፤ ሁለት ፖሊሶችም ከውጭ ቆመዋል።

«ነጅሙዲን የሞተው በሞተር ጭስ ነው፤ የዚህ ሞተር ጭስ ግን አይደለም። ያን ምሽት አንድ ሰው ቤዝመንት ወርዶ የጋራዡን መብራት ቆረጠ። እትዬ ዛሂዳ ጠዋት ብሬከሩን የመለሱት ለዚህ ነው። ከዚያም ‹መብራት ጠፋ፣ አይዞህ› ብሎ ጀነሬተር ከጀርባ አቁሞ የመብራት ገመድ ሰጠው፤ ጭሱን ደግሞ በቀዳዳው አስገባበት። ሲጨርስ ጀነሬተሩን ወሰደ፣ የትራክተሩን ቁልፍ ከፈተና የጎኑን ትንሽ በር ዘግቶ ሄደ። የቀለጠው በረዶ ግን ከእርሱ ጋር አልሄደም።»

«ቤዝመንትማ የወረድኩት ለሰንሰለት ነው!» አለ ቃልቤሳ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ሰንሰለቱ ጎማው ላይ ነው፤ ከፊትህ።»

ቃልቤሳ ወደ ጎማው ተመለከተ።

ኢብሲቱ ከግድግዳው ምስማር አንዲት አጭር ሽቦ አወረደች። «ይህች የመቀመጫውን ስዊች አታልላ ሰው ቢወርድም ሞተሩ እንዳይጠፋ ታደርጋለች። ሥራ ያፋጥናል፤ የጅሬኛን ጣቶች የበላችውም እርሷ ናት። ነጅሙዲን በሰው ፊት ሊያሳይ የነበረው ይህችን ነው፤ ያሰራት ሰው የፈራውም ይህንኑ ነው።»

«እሱ ራሱ አስሯት ቢሆንስ?»

«ሽቦ የማን ሥራ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ይሁን፣ ሽቦዋን ተዋት። ገዳዩ የትራክተሩን ቁልፍ የከፈተው ሞተሩ መነሣት የሚችል መስሎት፣ ሲሠራ ያደረ ለማስመሰል ነው። ዛሂዳ፣ ጅሬኛ፣ ሚካኢል ሦስቱም ዘይት እንዳልቀመሰ ያውቁ ነበር፤ ለዱዓው ተጠርተዋልና። ያልተጠራው አንተ ብቻ ነህ፣ ቃልቤሳ። ያልተነሣ ሞተር ‹ሲንተከተክ ሰማሁ› ያልኸውም አንተ ነህ። የሰማኸው የራስህን ጀነሬተር ነው።»

ቃልቤሳ ወደ ተከፈተው በር አንድ እርምጃ ተራመደ። ፖሊሶቹን አየና ቆመ። ሲወስዱት ጅሬኛ የቀሩትን ጣቶቹን እያሻሸ፣ «‹ጥፋተኛው ራስህ ነህ› እያልኸኝ ሆስፒታል ድረስ ብርቱካን ይዘህልኝ መጣህ እኮ» አለው።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ሚካኢል እህቱን፣ «እኔ ነኝ ብለሽ ነበር?» አላት።

«ሰፈሩ አንተን ይላል ብዬ ፈራሁ» አለችው ዛሂዳ፤ እርሷም ጠርጥራው እንደ ነበር ግን አልወጣትም። ልታድነው ብላ የደበቀችው ነገር ነጻ የሚያወጣው ምስክር ኖሯል። በፍርሃት ስታፍነው ሊያንቅ የነበረው እርሱኑ ነው።

በረዶው ቀልጦ ትራክተሩ ከፖሊስ ሲመለስ፣ ሚካኢል የበረዶ መትፊያውን አውርዶ የሣር ማጨጃውን ገጠመ፤ ከእህቱ ጋር ገና እንደ ቀድሞው አይነጋገሩም። ዱዓው ተደረገ። ጅሬኛ በጎዶሎ እጁ ዘይቱን ቀስ እያደረገ አፈሰሰ። ሚካኢል ቁልፉን ሊያዞር ሲል ዛሂዳ በእጇ አገደችው፤ ተነሥታም የጋራዡን በር እስከ ጣራው ድረስ ከፍታ ከሥሩ ቆመች።

«አሁን አስነሣው፣ ወንድሜ» አለችው።

ሚካኢል የተከፈተውን በርም እርሷንም አየ። ከዚያም ቁልፉን አዞረ።