የውጭውን ጥራ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ውሸት ነው የሚል ካለ ቢሮዬ ይምጣና በሩ ሥር ጆሮውን ያስጠጋ... ወንድ ከሆነ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ። አራተኛ ፎቅ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ አክሲዮን የምንገዛና የምንሸጥባት ጠባብ ክፍል።

ፈሪ አይደለሁም። ሦስት ዘራፊ በአንድ ጥፊ ያስተኛሁ ሰው ነኝ። በኮምፒውተርማ ከእኔ ወዲያ ላሳር ነው።

ወንድሜ ግን እናታችን አደራ ያለችኝ ልጅ ሆኖ ዓይኔን ማየት አስጠልቶታል።

«ጋሼ፣ ያንተ የሚሠራው አፍህ ብቻ ነው» አለኝ።

«ዝም በልና ታላቅህን ተማር።»

መገበያያው ሶፍትዌር ላይ ስክሪፕት የሚሉትን አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ጽፌያለሁ። ዋጋ ሲወርድ ከውጭ ሌላ ፕሮግራም ይጠራል፤ ደወል የሚያሰማ።

የሚጠራውን ስም መጻፍ ረሳሁ።

ስክሪፕቱ «የውጭውን ጥራ» ይላል... ከዚያ ባዶ።

ዋጋው ወረደ።

ደወል የለም።

«አቤት» አለ አንድ ድምፅ... ከበሩ ኋላ። ለስለስ ብሎ።

ወንድሜ ገላመጠኝ። «ሰው ቀጥረህ ነው የምትቀልድብኝ?»

«እኔ አይደለሁም» አልኩ በሹክሹክታ። «አትክፈት።»

«ሂድ ወደዚያ!»

ወጣ። በሩ ተዘጋ።

ስክሪኑ ላይ «የተጠራው እስኪመለስ በመጠበቅ ላይ» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ኮሪደሩ ጸጥ አለ...

ስክሪኑ ላይ «ተመልሷል» የሚል መጣ።

በሩ ተከፈተ። ወንድሜ ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ሲወጣ በግራ የነበረው የሸሚዙ ኪስ በቀኝ በኩል ሆኗል።

«ማን ነበር?»

«ማንም።»

አልሰደበኝም። ይሄ ነው ያስፈራኝ።

ስልኬ ጮኸ። የወንድሜ ሚስት ናት።

«ምን አድርገኸው ነው?» አለች በቁጣ። «አሁን ደውሎልኝ እያለቀሰ ነበር።»

«ማን?»

«ባሌ ነዋ! በሩን ቆልፈህበት ኮሪደር ላይ ቆሟል። ብጮህም ጋሼ አይሰማኝም ይላል። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?»

አጠገቤ የተቀመጠውን አየሁት። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ዓይኑን አይጨፍንም።

ተነስቼ በሩን ለመክፈት አልደፈርኩም። እኔ!

የቀረኝ መጣራት ብቻ ነበር። የወንድሜን ስም ጠራሁ... ቀስ ብዬ።

«አቤት» አለ አጠገቤ ያለው፣ ፈገግ ብሎ።

«አቤት፣ ጋሼ...» አለ ሌላው፣ ከኮሪደሩ፣ ጎትተው የሚወስዱት ይመስል እየራቀ።