ስድስት ዓምድ

ብራናው ከፍ ሲል ሚጢጢ እንደ ሰዉ ሁሉ ቀና ብላ አየች። ገጹ ሌላ ነበር።

በምኩራቡ የሰንበት ንባብ ባለቀ ቁጥር የኦሪቱ ጥቅልል በሁለት ዘንጉ ተይዞ ለጉባኤው ተዘርግቶ ይታያል። አያቷ ያኔ አንብበው የጨረሱት ዐሥርቱን ትእዛዛት ነበር። የተዘረጋው ገጽ ላይ ያለው ግን ሕዝቡ ባሕር ተሻግሮ የዘመረው መዝሙር ነው። ያ መዝሙር መሀል መሀሉን ክፍተት እየተተወለት እንደ ጡብ ግድግዳ ስለሚጻፍ ለሚያውቀው ሰው ከሩቅ ይለያል።

ጥፋቱ የእሷ ነው። በሳምንቱ መሀል ሌላ ክፍል ተነቦ ስለነበር አርብ ዕለት ጥቅልሉን ለሰንበት ወደሚነበበው ቦታ መመለስ ነበረባት። አያቷ «መጀመሪያ መዝሙሩን ፈልጊ፤ ከዚያ ስድስት የጽሑፍ ዓምድ ወደፊት» ብለው አስተምረዋታል። መዝሙሩን እንዳገኘች ጓደኛዋ ከበር ጠራቻት። ወሬያቸውን ጨርሳ ስትመለስ ሥራዋንም የጨረሰች መስሏት ጠቀለለችው።

አያቷ ግን አንድም ቃል አልሳቱም። የብር ጠቋሚያቸውን መዝሙሩ ላይ እያስኬዱ ትእዛዛቱን አንበለበሉት። ዓይናቸው ማየት ትቷል ማለት ነው። ይህን ያወቀችው ደግሞ እሷ ብቻ ናት፤ የብራናውን የዕብራይስጥ ጽሕፈት አጣርቶ የሚያነብ ከሁለቱ ሌላ ማንም የለም።

ጉባኤው አያቷን «ሰዓት» ይላቸዋል፤ ሰዓት ጠጋኝ ስለነበሩም፣ ዝንፍ ስለማይሉም። ኦሪት በጉባኤ ፊት ከጽሑፉ ይነበባል እንጂ በቃል አይባልም። ይህንንም የነገሯት ራሳቸው ናቸው። «ብታውቂው እንኳ ዓይንሽ ከብራናው አይነሳ። የሚናገረው እሱ ነው፤ አንቺ አፍ ብቻ ነሽ» ይሏት ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልበላ አላት። ስህተቷን ብትናገር የእሳቸው ጉድ አብሮ ይወጣል። ሴት አያቷ ከሞቱ ወዲህ ሽማግሌውን ከአልጋ የሚያስነሳቸው ይኸው ንባብ ብቻ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ጉባኤው ሰንበት በመጣ ቁጥር ያልተነበበ ኦሪት ሰምቶ ይገባል። ጓደኛዋን ጠላቻት፤ ራሷን ግን የበለጠ ጠላች።

አርብ ከሰዓት ጥቅልሉን ስትዘረጋ አያቷ ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ። እጇ ዘንጉ ላይ ቀረ።

«አባባ፣ ባለፈው መዝሙሩ ላይ ነው የተውኩት። ስድስቱን ዓምድ ረስቼ።»

አያቷ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ማን ያውቃል?»

«እኔና እርስዎ።»

ፊታቸውን ኦሪቱ ወደሚቀመጥበት ቅዱስ ቁም ሣጥን አዞሩ። «እንግዲያው ሦስት ነን» አሉ። ፈገግ ለማለት ሞክረው ነበር፤ ከንፈራቸው እምቢ አለ።

ከዚያ ዓይናቸው መድከም ከጀመረ ሁለት ዓመት እንዳለፈው፣ መጀመሪያ ፊደሎቹ፣ ኋላም መስመሮቹ እንደጠፉባቸው ነገሯት። ለጉባኤው ሰብሳቢ ሊናገሩ ስንት ጊዜ ተነስተው በር ላይ እንደተመለሱም አልደበቋትም።

«ነገን ብቻ ተዪልኝ» አሉ። «አንድ ሰንበት። ከዚያ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

እሺ ልትል አፏን ከፈተች። አያቷን እንዲህ ሲለምኑ አይታ አታውቅም። ባለፈው ሰንበት ያንን ሁሉ ሰው ፊት ለፊት ቆመው፣ ጠቋሚው ባዶውን ሲሄድ፣ ምን ያህል ፈርተው እንደነበር አሰበችና ልቧ ተሰበረ። ነገም ያው ፍርሃት ይጠብቃቸዋል።

ጥቅልሉን ወደ ቦታው አመጣች፤ ዓምዶቹን ሁለቴ ቆጠረች። ጠቀለለችና ልብሱን አለበሰችው። ከዚያ መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

«የሰብሳቢው ቤት ደረጃ ይበዛዋል፣ አባባ» አለች። «ሳይመሽ እንሂድ። እኔ እይዝዎታለሁ።»

አያቷ የሰው ክንድ ይዘው አያውቁም፤ የሚደግፋቸውን ሁሉ ይቆጡ ነበር። አሁን ግን ተነሱ። እጃቸው ክንዷን ሲፈልግ ስቶ ጠረጴዛውን ነካ።

ክንዷን አስጠጋችላቸው።