ከመመሪያው የተሰረዘው መስመር

ሰውየው ከሕንፃው ጀርባ፣ ከአደጋ ጊዜ መውጫው ደረጃ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ዘበኛው የመውደቁን ድምፅ ሰምቶ ሲደርስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ሆኖ ነበር፤ ትንፋሹም ወጥቷል።

ሟቹ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ የመመሪያ ጸሐፊ ነበር። የጀመረውን ሳይቋጭ ስለማይተው ባልደረቦቹ «አራት ነጥብ» ይሉታል። ሰሞኑን ድርጅቱ ለሚሸጠው፣ ኤፒአይ ለተባለ የፕሮግራም መሣሪያ መመሪያ እያዘጋጀ ነበር። መሣሪያው ደንበኞች ብሎጋቸው ላይ ያወጡትን ጽሑፍ ከራሳቸው ፕሮግራም ትእዛዝ እየላኩ የሚያሻሽሉበት ነው።

«ምኑ ይመረመራል? ራሱን ነው የገደለው» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ ስልኳን ለምርመራ በመጣችው ኢንስፔክተር አፍንጫ ሥር ደቅና።

በሟቹ የግል ብሎግ ላይ፣ ስለ ብስክሌት ጉዞ የተጻፈ አንድ የቆየ ጽሑፍ ተነሥቶ «ሕይወት ሰለቸኝ፤ ይቅር በሉኝ» የሚል ተተክቷል። ርዕሱና ፎቶዎቹ ግን እንደነበሩ ናቸው።

«ይህን ጽሑፍ መለወጥ የሚችለው ማነው?»

«የእሱን ብሎግ ለመሣሪያው መሞከሪያ ስለምንጠቀምበት፣ የመግቢያ ቁልፍ ያለን ሦስታችን ነን። እሱ፣ እኔና ፕሮግራመሩ።»

«ከሟቹ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ዓይኑን ማየት አልፈልግም ነበር። ዛሬ ጠዋት እንኳ በመሣሪያው የአንድ ማስታወቂያ ቃል ባርም፣ ርዕሱንና ፎቶውን ድምጥማጡን አጠፋብኝ። እኅቱን ስላባረርኳት ቂም ይዞ ነው። እልኸኛ!»

እኅቱ ተጠርታ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም፤ ጥርሷን ነክሳለች።

«ለምን አባረሩሽ?»

«የደንበኞችን ጽሑፍ አጥፍተሻል ተባልኩ። አንዲት ቃል ነው ያረምኩት፤ ሌላው በራሱ ጠፋ። ማን ይመነኝ? ቁልፌን እዚያው ዘጉብኝ።»

«ወንድምሽስ?»

«እያወቀ እዚህ ቤት መሥራቱን ቀጠለ። ሁለት ወር ሙሉ ስልኩን አላነሣሁለትም።»

ፕሮግራመሩ ኢንስፔክተሯ ስትገባ ከወንበሩ አልተነሣም።

«ያንቺ ሥራ ሌባ መያዝ ነው፤ ይሄ አይገባሽም» አላት። «መሣሪያው የላክሽለትን ይቀይራል፣ ያልላክሽውን አይነካም። ምንም አያጠፋም። ልጅቷ አጥፍታ ነው የተባረረችው።»

«ይምላሉ?»

«ልጆቼን!»

ኢንስፔክተሯ ከዚያ ወጥታ የሟቹን መሳቢያ ፈተሸች፤ የተላኩ ትእዛዞች የሚመዘገቡበትን የመሣሪያውን መዝገብም አስከፍታ አንድ በአንድ አየች። አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱን በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው።

«መጀመሪያ ሰዓቱ» አለች። «ሰውየው የወደቀው ስድስት ከሃያ ነው። ኑዛዜው የተላከው ስድስት ከሃያ ሰባት ላይ ነው። የሞተ ሰው ደግሞ አይጽፍም።»

ሥራ አስኪያጇ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ቀጥሎ ትእዛዙ። መዝገቡ በማን ቁልፍ እንደተላከ አይለይም፤ የተላከውን ግን ያሳያል። ላኪው አዲሱን ጽሑፍ ብቻ አልላከም። ርዕሱን፣ ፎቶዎቹን፣ ቀኑን ሁሉ አንድ ላይ እንደገና ልኳል። ያልተላከው ባለበት የሚቆይ ከሆነ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ላኪው ያልላከው ሁሉ እንደሚጠፋ ያውቃል ማለት ነው።»

«ታዲያ ልጅቷ ናታ!» አለ ፕሮግራመሩ።

«የልጅቷ ቁልፍ ከተዘጋ ሁለት ወሩ ነው፤ መዝገቡ ላይ አረጋግጫለሁ። ሥራ አስኪያጇ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ጽሑፉን ብቻ ልከው ርዕስና ፎቶ ጠፍቶባቸዋል። እስካሁንም ጥፋቱ የሟቹ ይመስላቸዋል። የሚቀሩት እርስዎ ነዎት። አፍዎ ‹ምንም አያጠፋም› ብሎ ማለ፤ እጅዎ ግን እውነቱን ያውቅ ነበር።»

ከመሳቢያው ያገኘችውን ወረቀት ዘረጋች። «ማስጠንቀቂያ፦ በትእዛዙ ያልተካተተ ሁሉ ይጠፋል» የሚለው መስመር በቀይ ተሰርዟል። ጎኑ ላይ «ይውጣ!» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ በሟቹ እጅ «አይወጣም።»

ሥራ አስኪያጇ ወረቀቱን ሳበች። «ይሄ ቀይ የአንተ ጽሕፈት ነው» አለች ወደ ፕሮግራመሩ ዞራ። «ዓይኔን እያየህ ልጅቷ ናት አልከኝ!»

«አንዲት መስመር ናት!» ብሎ ጮኸ ፕሮግራመሩ። «ጥፋቱ የእኔ መሆኑ እንዳይታወቅ አውጣት አልኩት፣ ለመንኩት። ደረጃው ላይ ቆመን ‹የእኅቴን ስም አጥፍተህ አትኖርም፤ ዛሬውኑ ወረቀቱን ለሥራ አስኪያጇ አሳያታለሁ› አለኝ። ያኔ... ገፋሁት።»

እኅትየው ከመቀመጫዋ ተነሣች። ወንድሟ በዚያ ቤት ለምን እንደቀረ የገባት አሁን ነበር። ወደ ፕሮግራመሩ ሄደች፤ በር ላይ የቆመው ፖሊስ እጆቹን በካቴና ሲያስር ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«እኔ አላወቅኩም ነበር» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ከፈለግሽ ከነገ ጀምሮ ወደ ሥራሽ...»

ልጅቷ ዞራም አላየቻት።

«ወንድሜን የምረከበው ከየት ነው?» ስትል ኢንስፔክተሯን ጠየቀች።

«ከሆስፒታል ነው። ነዪ፣ አብረን እንሂድ።»

ደረጃውን ግማሽ እንደወረዱ ልጅቷ እዚያው ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ኢንስፔክተሯም አብራት ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ አልቅሳ እስኪወጣላት ድረስም አልተነሣችም።