ስድስቱ ቀዳዳዎች

ጭልፊት የሚሏት መርማሪ ስትደርስ ሽማግሌውን ከብሎኬቱ ሥር አውጥተው አንሶላ አልብሰዋቸው ነበር። ሲነጋ ዝናቡ ቢያይልባቸው ቀኝ እጃቸው ሽባ ቢሆንም በግራው የልጅ ልጃቸውን ልብስ ከገመድ ሊያነሱ ወጡ፤ የጎረቤት ግንብ አጥር ተደረመሰባቸው።

«የገደላቸው ይሄ ግንበኛ ነው!» አለ ባለ አጥሩ ከላይኛው ግቢ። «በአሸዋ ብቻ ነው የገነባልኝ!»

ግንበኛው እጁ በካቴና ታስሯል። «እመቤቴ፣ የአምስት ልጆች አባት ነኝ። በደንቡ ነው የሠራሁት፤ ሁለት ሜትር፣ አንዲት ጣት አላለፍኩም።»

«እውነቱን ነው» አለ ደንብ አስከባሪው። «ከሥሩም ስድስት የውሃ ማሳለፊያ ቀዳዳ ትቷል። ለክቼ ነው የፈረምኩት።»

«አንተማ ከወንበርህ ሳትነሳ ነው የምትለካው!» አለ ባለ አጥሩ።

መርማሪዋ ወደ ደጃፉ ዞረች። የሟች ሚስት፣ እናት አባት የሌላትን የልጅ ልጃቸውን በቢጫ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ቆመዋል። ልጅቷ ታስላለች።

«እማማ፣ ከጎረቤት ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ምን ጥል አለ ልጄ። የሱ እጣቢ በቀዳዳው እየወረደ ደጄን ረግረግ አደረገው። ይቺ ከታመመች ወር አለፋት። ሦስቴ ደንብ አስከባሪ ቢሮ ሄድኩ፤ ‹ቀዳዳው ደንብ ነው› አሉኝ።»

መርማሪዋ ጭቃው ውስጥ ተንበርክካ የታች ብሎኬቶችን አንድ በአንድ ገለበጠች። ከዚያ ሰዎቹን ሁሉ ሰበሰበቻቸው።

«ግንቡን የገፋው ከላይ የታቆረ ውሃ ነው። ስድስት ቀዳዳ እያለው ለምን ታቆረ? ስድስቱም ተደፍነዋል።»

«እኔ አልደፈንኩም!» አለ ግንበኛው።

«አውቃለሁ። ሲሚንቶው በቀኝ መዳፍ ነው የተለሰነው፤ ግንበኛ ማንኪያ አለው። ባለ አጥሩም ቢደፍን ውሃው የሚተኛው በራሱ ግቢ ነው። ደግሞ የተለሰነው በዚህ በኩል ነው። ሟች ቀኝ እጃቸው አይሠራም ነበር።»

ከተሰበረው ብሎኬት ውስጥ ቢጫ ጨርቅ መዘዘች። የብርድ ልብሱ ጠርዝ በመቀስ ተቆርጧል። ሁሉም አዩት።

«ግንበኛው ጥሎት የሄደ ሲሚንቶ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «ውሃውን ብቻ ነው የከለከልኩት።»

«ሰው ያለ ጥፋቱ ሲታሰር ለምን ዝም አሉ፣ እማማ?»

«እኔ ስሄድ ይቺን ማን ያቅፋታል?»

ግንበኛው ካቴናው ሲፈታለት አንገቱን ደፋ። ባለ አጥሩ ጫማውን ያያል። ደንብ አስከባሪው ወረቀቱን አጠፈ።

መርማሪዋ ልጅቷን ለመቀበል እጇን ዘረጋች፤ አሮጊቷ ግን አለቀቋትም። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። አሁን ግንብም ቀዳዳም የለ፤ የላይኛው ግቢ ውሃ ወርዶ ደጃፉን አለፈና የልጅቷ ፍራሽ ሥር ገባ።